የእህቴ ልጅ ባትሪ

ረቡዕ ማታ በሩን ከፍቼለት ገና ሳይቀመጥ፣ የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ሞተ" አለኝ። ከአገር ቤት ርቆ የሚኖር ሰው ይቺን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ልቤ ቀጥ አለች። "ማን?" አልኩት። በፌስታል የጠቀለለውን ከባድ ነገር ከፍ አድርጎ አሳየኝ። የብስክሌቱ ባትሪ ነው። "ተመስገን!" ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ባይስቅ አይፈረድበትም። ዋሽንግተን አካባቢ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የሚተዳደረው በኤሌክትሪክ ብስክሌት ምግብ እያደረሰ ነው። አዲስ ባትሪ ከ400 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ባትሪ ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ለእናቱ፣ ማለትም ለእህቴ፣ የሚላክ የለም። እኔ በበኩሌ በዘመድ መሀል "እሱ የማይጠግነው ነገር የለም" የሚባልልኝ ሰው ነኝ። ስሙ ደስ ይላል። ግን ጉድ ይሠራል።

ስሙን ያገኘሁት በልጅነቴ ነው። የአባቴ ራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አሰጣው ነበር። ከዚያ በጥርሴ ነከስ ነከስ አድርጌ መልሼ ስከተው ራዲዮው ለአንድ ለሁለት ቀን ዜናውን ያሰማናል። (እዚህ ለተወለዱት ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል።) ከፍ ስል ደግሞ የመኪና ባትሪ ውሃ ሲጎድለው መሙላትን፣ ከሌላ መኪና በገመድ አገናኝቶ ማስነሳትን ተማርኩ። እናም ባትሪ ማለት ሁልጊዜ ትንሽ ነፍስ የቀረችው፣ ብልሃት ያለው ሰው ካገኘ የሚነሳ ነገር ሆኖ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ሊቲየም የዚያ ዘመድ እንዳልሆነ አንብቤያለሁ። እጄ ግን አላነበበም።

ወደ ሥራው ልግባ። ሞተ ተብሎ ከሚመጣልኝ የሊቲየም ባትሪ ብዙው አልሞተም። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤታችን ሊጥሉት የነበረውን ገመድ አልባ መጥረጊያ ያዳንኩት በጥጥና በአልኮል ነው፤ ባትሪው የሚነካካበት ብረት ቆሽሾ ነበር፣ ሌላ ምንም የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው ባትሪውን ሳይሆን ዙሪያውን ነው። ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ ሰክቼ ጫፉን በቴስተር ለካሁት፤ 42 ቮልት። ለ36 ቮልት ባትሪ ልክ ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው። ባትሪው ላይ ስሰካው ግን መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ፤ ወደ ቀይ ካልተለወጠ ምንም እየገባ አይደለም። ፊውዙን አየሁ፣ አልተቃጠለም። የባትሪውን መውጫ ለካሁ፣ ዜሮ።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ዜሮ ሲያይ "አለቀለት" ይላል። ግን ውስጥ አንድ ዘበኛ አለ። ቢኤምኤስ የሚሉት ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ሥራው ሴሎቹን መጠበቅ ነው። አንዱ ሴል ከልክ በላይ ከሞላ ወይም ከልክ በታች ከወረደ በሩን ይቆልፋል። ከውጭ ሆነህ ስትለካ ዜሮ የምታየው ዘበኛው ስለቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ባዶ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ታዲያ ዘበኛው ለምን እንደቆለፈ ለማወቅ ክዳኑን መክፈት ግድ ነው።

ከመክፈቴ በፊት የጋብቻ ቀለበቴን አወለቅኩ። 36 ቮልት ሰው ይገድላል ብዬ አይደለም፤ ቀለበት ሁለቱን ጫፍ ቢያገናኝ በአንድ አፍታ ግሎ ጣት ያቃጥላል። የመፍቻውንም አንገት በፕላስተር ጠቀለልኩ። ውስጡ 40 ሴሎች አሉ፤ ከጣት ባትሪ ትንሽ ወፈርና ረዘም ያሉ ናቸው፤ 18650 ይባላሉ፣ ቁጥሩ መጠናቸው ነው፣ ውፍረታቸው 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው 65። አራት አራት ሆነው ጎን ለጎን ታስረው አንድ ረድፍ ይሆናሉ፤ አሥሩ ረድፍ ተቀጣጥሎ 36 ቮልት ይሰጣል። ከየረድፉ ወደ ዘበኛው የሚሄዱ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። የቴስተሩን ጫፍ በእነሱ ላይ አንድ በአንድ እያሳለፍኩ ለካሁ። አንደኛው 3.33፣ ሁለተኛው 3.34፣ ሦስተኛው 3.33... እያልኩ ስቆጥር ሰባተኛው ላይ 0.9 አነበብኩ። እንደገና ለካሁ። 0.9።

"ክረምቱን የት ነበር ያስቀመጥከው?" አልኩት።

"ብስክሌቱ ላይ፣ ውጭ።"

"ከብርዱ አምጥተህ ወዲያው ትሰካዋለህ?"

ዝም አለ። ሌሊቱን ስድስት ሰዓት ገብቶ፣ ጠዋት እንዲሞላለት በረዶ የሆነውን ባትሪ እዚያው ይሰካዋል። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሆኖ ሲሞላ ሊቲየሙ መግባት ያለበት ቦታ ውስጥ መግባት አቅቶት እንደ ብረት ላዩ ላይ ይለጠፋል። ሴሉ በዚያው ይጎዳል። ማን ይንገረው? ከብስክሌቱ ጋር የመጣውን ደቃቅ ጽሑፍ ማን ያነባል?

ቀጥሎ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልናገር፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

አንድ የሊቲየም ሴል ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ከቆየ ውስጡ ያለው የመዳብ ንጣፍ መሟሟት ይጀምራል። ሲሞላ ደግሞ የሟሟው መዳብ በማይገባው ቦታ ይጋገርና ሁለቱን ወገን ከውስጥ ሊያገናኝ ይችላል። ይህን አውቃለሁ። ልጁ ግን ፊት ለፊቴ ቆሟል። "ጋሼ፣ አርብና ቅዳሜ ነው እኮ ገንዘቡ ያለው" ይለኛል። ባለቤቴ የማታ ፈረቃ ላይ ናት፣ ልጆቹ ተኝተዋል። ቮልቱንና አምፔሩን መወሰን የምችልበትን ትንሽ ቻርጀሬን አወጣሁና፣ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ብቻ፣ በ0.2 አምፔር፣ ቀስ ብዬ... ኩሽናው ወለል ላይ። ያውም ከጋዙ ምድጃ አጠገብ።

ሰዓት ሳይሞላ 3.2 ደረሰ። ዋናውን ቻርጀር ሰካሁት፤ ዘበኛው ከፈተ፣ መብራቱ ቀይ ሆነ። የእህቴ ልጅ ዘሎ አቀፈኝ። "አላልኩህም! ጋሼ እኮ የማይጠግነው የለም!" እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ የአባቴን ራዲዮ እንደገና ያስነሳሁ መሰለኝ። ሻይ አፍልተን ተቀመጥን። ሞልቶ ሲያልቅ በዚያው ሌሊት ይዞት ሊሄድ ነው።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴ ገባች። ኮቷን እንኳን ሳታወልቅ አየችው። ሽቦው ተዘርግቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ እኛ ሻይ ይዘን። ስለ ሴልና ስለ ቮልት ምንም አታውቅም፤ መጠየቅም አላስፈለጋት። "ልጆቼ የተኙት ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነው" አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። "አሁኑኑ ንቀለው፤ ከቤቴም አውጣልኝ።" ባለቤቴ ድምጿን ካላነሳች ነገሩ አልቋል። ነቅዬ አወጣሁትና መኪና ማቆሚያው ዳር፣ ከምንም ነገር ርቆ፣ ሲሚንቶው ላይ አሳደርኩት። ልጁ ባዶ እጁን ሄደ።

ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ወርጄ ለካሁት። ዘጠኙ ረድፍ እንዳደረ አድሯል። ሰባተኛው ግን 2.1። ማንም ሳይነካው፣ ምንም ሳይሠራ፣ በአንድ ሌሊት ፈስሷል። ከአራቱ አንዱ ሴል እንኳን ከውስጥ የሚያፈስ ከሆነ ሦስቱንም ይዞ ይወርዳል፤ ያ የሚፈሰው ኃይል ደግሞ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። እሷ ባታስነቅለኝ ኖሮ በሌሊት ይዞት ሄዶ ነበር። እኔም ባልለካሁት።

ስልክ ደውዬ "አይሆንም" አልኩት።

"ሠርቶ እኮ ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ።"

"አውቃለሁ። አይሆንም።"

"እሺ መጥፎውን ረድፍ ቀይረው። ከሌላ አሮጌ ባትሪ የወጣ ሴል ያላቸው ልጆች አውቃለሁ።"

ይህንንም አስቤው አላውቅም ማለት አልችልም። ግን ሴሎቹ የተያያዙት በኒኬል ንጣፍ ነው፤ ፋብሪካው በቅጽበት የሚበይድ መሣሪያ አለው፣ የእኔ መበየጃ ሴሉን ያግለዋል። ከዚያም በላይ አሮጌና አዲስ ሴል አንድ ላይ ሲታሰር እኩል አይሞላም፣ እኩል አይጎድልም። ኒውዮርክ ከተማ በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰው ሞቶባታል፤ ከአሮጌ ባትሪ በወጣ ሴል የተገጣጠመ ባትሪ መሸጥንም በሕግ ከልክላለች። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። በእናቱም በኩል ወቀሳ ደረሰኝ፦ "ለገዛ ልጅህ ሰነፍክ?" የሚል።

ቅዳሜ ወደሚኖርበት ሄድኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤዝመንት ነው፤ አምስት ልጆች ናቸው፣ ሁሉም አድራሽ። ታች ወርጄ ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። መውጫው አንድ ነው፣ ደረጃው። የደረጃው ሥር ላይ አንድ ማከፋፈያ፣ እሱ ላይ አምስት ቻርጀር፣ ዙሪያው ጫማና ጃኬት። የሊቲየም ባትሪ ሲነሳ ቀስ ብሎ አይነድም፤ መርዛማ ጭስ ያወጣል፣ አንዱ ሴል ሌላውን ያቀጣጥላል፣ ጠፋ ሲሉትም ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። እነዚህ ልጆች የሚተኙት ከእሳቱ ጀርባ ነው። ባትሪውን ረቡዕ ማታ ይዞት ቢሄድ የሚሰካው እዚያ ነበር፤ "ጋሼ ጠገነልኝ" ብሎ።

ብዙ አልተናገርኩም። ማከፋፈያውን ነቅለን ከደረጃው አራቅነው። ጃኬቱን አነሳን። በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ እንዳይሰካ፣ ተኝተውም እንዳይሞሉ ተስማሙ፤ ይፈጽሙት አይፈጽሙት እንጃ። ድምፅ የማያሰማውን የጭስ ደወል ባትሪ ቀየርኩላቸው። ይቺኛዋን ባትሪ ለመጠገን እንኳን ቴስተር አላስፈለገኝም።

አዲሱ ባትሪ የተገዛው በባለቤቴ ዕቁብ ነው። ተራዋ የሚቀጥለው ወር ነበር፤ ዳኛዋን ለምና ከአንዲት ወዳጇ ጋር ተለዋወጠች። ቅር ብሎኝ ነበር፣ ለወጥ ቤት ዕቃ ያሰበችው ገንዘብ ነው። "ከእሳት ይሻላል" አለችና ዘጋችው። ስንገዛ የዩኤል ምልክትና 2271 የሚለው ቁጥር መኖሩን አየን፤ ለብስክሌት ባትሪ የተዘጋጀ የደኅንነት መለኪያ ነው። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ የላቸውም። ልጁ በየሳምንቱ 25 ዶላር ይመልሳል፤ እስካሁን አንድ ሳምንት ብቻ ነው ያሳለፈው።

አሮጌውን ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኜ፣ አሸዋ ባለበት የብረት ባልዲ ውስጥ አድርጌ ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ወሰድኩት። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ የቆሻሻ መኪናው ሲጨፈልቀው ሊነሳ ይችላልና። ሰውየው ባልዲውን አይቶ "ከፍተኸዋል እንዴ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። አንገቱን ነቅንቆ ተቀበለኝ።

ትናንት ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት ሲደወል መቼም ታውቁታላችሁ። የእህቴ ልጅ ነው።

"ጋሼ፣ አረንጓዴ በራ። ልንቀለው?"

"ንቀለው።"

"እሺ፣ ደህና እደር።"