የአባባ ላዳ በአህያ

ይኸውላችሁ፣ አባባ ታክሲ መንዳት ካቆመ ወዲህ ሰማያዊና ነጭ ላዳው ግቢያችን ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆና ከረመች። ቆራሌው በመጣ ቁጥር “አትሸጧትም?” ይላል። አባባ ዝም። እኛ ወንድማማቾች ግን ሌላ አሰብን፤ የውኃ ጋሪ እንሥራባት!

የኋላውን አክስል ከነጎማው አወረድን። ቁርጥራጭ ቱቦላሬ በኪሎ ገዛን፣ የሰፈራችንን በያጅ በምሳ አግባባን፣ ወለሉን በአሮጌ ጣውላ መታን። አባባ ስትቆረጥ ላለማየት ከቤት ወጥቶ ዋለ።

በመጀመሪያው ቀን አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጫንን፤ 200 ኪሎ መሆኑ ነው። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሪው ወደ ኋላ ቁጢጥ አለና አህያዋ አየር ላይ ተንጠለጠለች! ለካ አክስሉን ከመሀል ወደ ፊት አስጠግተን በይደነዋል። ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። አባባ ግን አልሳቀም። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አወረደና “ከዚህ አንድ ስንዝር ተኩል ወደ ኋላ” ብሎ በጠመኔ አሰመረልን። ቀጥሎ ተንበርክኮ አክስሉን እያየ፣

“ዘይቱስ?” አለ።

“ሞተር የለውም ብለን አፈሰስነው።”

“ጎማው ከዞረ የዲፈረንሻሉ ጥርስም አብሮ ይዞራል። ደረቁን ከዞረ ይበላላችኋል።”

በማግስቱ ዘይቱን ራሱ ሞላው። በርካሽ ሠራነው ብለን ወጪውን ስንደምር ለካ የአባባን ዕውቀት አልቆጠርንም ነበር።

ቆራሌው አሁንም ይመጣል። አሁን ግን የሚመልስለት አባባ ነው፦

“ሥራ ላይ ናት።”