ሁሉም ሙሽራ፣ ሁሉም ሚዜ

እናቴ በደወለች ቁጥር «ያ ጨው አሁንም አልሟሟልህም?» ትለኛለች። ትቀልዳለች እንጂ ስራዬን ታውቀዋለች። የማጠናው ውሃ ጠብ ሳይልበት፣ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆነ ጨው ነው። አዮኒክ ሊኩዊድ ይሉታል።

እናላችሁ፣ ነገሩን በሰርግ ላስረዳችሁ። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አዮኖች ይሆናል። ፖዘቲቩን ሙሽራ በሉት፤ ኔጌቲቮቹ እንደ ሚዜ ይከቡታል። ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ሙሽራው አይታየውም፤ ቻርጁ ተከልሏል። ዴባይና ሁክል እ.ኤ.አ. በ1923 የከለላውን ርቀት የሚያሰላ ቀመር አወጡ። ሚዜ በበዛ ቁጥር ርቀቱ ያጥራል፦ የገበታ ጨው በሊትር 0.1 ሞል ሲሆን 1 ናኖሜትር ገደማ፣ 1 ሞል ሲሆን 0.3።

የኔ ፈሳሽ ውስጥ ግን ሁሉም ሙሽራ ነው፣ ሁሉም ሚዜ ነው። ቀመሩን እዚያ ብታስገቡት ከአንድ አዮን ውፍረት ያነሰ ርቀት ይሰጣችኋል። ቀልድ ነው! ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ፣ በ2016 ደግሞ ኦክስፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች ሁለት ልሙጥ ገጾችን ፈሳሹ ውስጥ አቀራርበው ጉልበቱን ሲለኩ፣ ከለላው ብዙ ናኖሜትር ርቆ ተገኘ። የኦክስፎርዶቹማ ጨው ከመጠን ሲያልፍ ርቀቱ መልሶ እንደሚረዝም አሳዩ።

የኔ ሲሙሌሽን ይህን እምቢ አለ። ወራት አለፉ፣ እምቢ። አንድ ማታ ግራፉ ጅራት ላይ፣ ከጫጫታው መሃል የሚመቹኝን ነጥቦች ብቻ መርጬ መስመር አሰመርኩ። የተለካው ቁጥር ቁጭ! ለሁለት ቀን እንደ ንጉሥ ተንጎራደድኩ። በሦስተኛው ቀን አማካሪዬ «እነዚህን ነጥቦች ለምን?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምለው አጣሁ። ሳይጠይቀኝ ሰረዝኩት።

በኋላ እንዳነበብኩት፣ ከኔ እጅግ የገዘፉ፣ በ2020 የታተሙ ሲሙሌሽኖችም ያን ረጅም ርቀት አላገኙትም። ክርክሩ አልተዘጋም። ወይ ሞዴሎቻችን የጎደላቸው ነገር አለ፣ ወይ በገጾቹ መካከል የተለካው ጉልበት የከለላ ብቻ አይደለም። ያን ማታ ያሰመርኩትን መስመር አሳትሜው ቢሆን ኖሮ ግን ለአንዱ ወገን የሐሰት ምስክር ሆኜ ነበር።

ትናንት ደወለች።

«አልሟሟም፣ እማ።»

«ይሁና፤ በልተሃል?»