ስለ አንዲት ጠርሙስ ውሃ

ሰው ከወደደው ነገር ሲለይ፥ ሐዘኑን በነገሩ ዋጋ ልንመዝንበት አይገባንም። ይህን ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም ይባል ይሆናል፤ እኛ ግን ሠላሳውን ዓመት ካለፍን በኋላ፥ ያውም በአንዲት ልጅ ዕንባ ላይ ከሳቅን በኋላ የተማርነው ስለሆነ፥ ስሕተታችንን ሳንሸሽግ ለአንባቢያችን እናቀርባለን።

ታላቅ እኅታችን በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ትኖራለች። በ2023 ዓመት በሜይ ወር መጨረሻ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) ልጅዋ በስልክ ጠርታን፥ በአናሃይም ከተማ በዲዝኒላንድ የመዝናኛ ሥፍራ የነበረው «ስፕላሽ ማውንቴን» የተባለው የጀልባ መጫወቻ ሊለወጥ መዘጋቱን እያለቀሰች ነገረችን። በመጨረሻውም ቀን ሄዳ ከውሃው በትንሽ ጠርሙስ መቅዳቷን ጨመረችልን። እኛም «ለውሃ ደግሞ ይለቀሳል ወይ? ያላችሁበት አገር ቧንቧ የለውም እንዴ?» ብለን ሳቅን። ልጅቱ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ጋሼ፥ አልገባህም» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ደጋግመን ብንደውልም አላነሣችልንም።

እናታችን አጠገባችን ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ሣጥናቸውን ከፈቱና አንድ የዛገ ቁልፍ አምጥተው በፊታችን አኖሩ። ይኸውም ለመንገድ ሥራ የፈረሰው የአሮጌው ቤታችን ቁልፍ ነው። በሩም ቤቱም ከጠፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ይህስ ያስቅሃል ወይ ልጄ? አባቷ እጇን ይዞ ከዚያ ተራራ የወረደው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እርሱም ዛሬ የለም» አሉን።

እኛም አፈርን። እናታችን ጠይቀው የተረዱትን ነገር፥ ተምረናል የምንለው እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን ነበርና።

ከዚህም የተነሣ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርን። መጫወቻው የተከፈተው በ1989 ነበር። ተሳፋሪዎች በተቦረቦረ ግንድ አምሳል በተሠራ ጀልባ ተቀምጠው፥ የጥንቸልን፥ የቀበሮንና የድብን ተረት እያዩ፥ ዘፈንም እየሰሙ ቀስ ብለው ይጓዛሉ፤ በመጨረሻም 16 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳሉ። ይህ አወራረድ የተረቱ ፍጻሜ ነው። በቀበሮ የተያዘችው ጥንቸል ሌላ ቅጣት ሁሉ ይምጣብኝ፥ ወደ እሾሁ ብቻ አልጣል እያለች ትለምናለች፤ እርሱም ይጠቅመኛል ብሎ ሲጥላት፥ በእሾህ መካከል ተወልዳ ያደገች ናትና አምልጣ ትስቅበታለች። የዚህ ዓይነቱ ተረት ሥሩ ከአፍሪካ ነው፤ በባርነት የተጋዙ ሰዎች በአሜሪካ ለልጆቻቸው ሲያወሩት የኖሩ ነው።

መጫወቻው ግን የተቀዳው ከተረቱ በቀጥታ ሳይሆን፥ በ1946 ከወጣው «ሶንግ ኦቭ ዘ ሳውዝ» ከተባለው ፊልም ነበር። ይህም ፊልም በነጮች እርሻ ላይ የሚኖሩትን ጥቁሮች ኑሮ መከራ የሌለበት አስመስሎ ስላሳየ፥ ከወጣበት ዓመት ጀምሮ ተወቅሷል። ተረት ነጋሪውን ሽማግሌ ሆኖ የተጫወተው ጄምስ ባስኬት በ1948 የኦስካር የክብር ሽልማት ተሰጥቶታል፤ ነገር ግን ፊልሙ በአትላንታ ከተማ መጀመሪያ በታየ ጊዜ፥ ከተማው ጥቁርና ነጭን የሚለያይ ሕግ ስለነበረው፥ ከበዓሉ ሊካፈል አልቻለም። ይህን ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን ዘግተን ጥቂት ተቀመጥን።

የዲዝኒ ኩባንያ በጁን 2020 መጫወቻው በ2009 በወጣው ፊልም ታሪክ፥ ማለት የኩባንያው የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት በሆነችው በቲያና ታሪክ እንደሚለወጥ አስታወቀ። የመጫወቻው ወዳጆችም በሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ዘገየ እንጂ ተገቢ ነው ሲሉ፥ ገሚሶቹ የልጅነታችንን ትዝታ አትንኩብን ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። የፍሎሪዳው ወንድሙ በጃንዋሪ 2023 ሲዘጋ፥ ውሃውን በጠርሙስ እየቀዱ ለሽያጭ ያቀረቡም ነበሩ። የሚያስገርመው ግን፥ በካሊፎርኒያው መጫወቻ ውስጥ ይዘፍኑ ከነበሩት በመኪና ኃይል የሚንቀሳቀሱ እንስሳት ብዙዎቹ በ1988 ከተዘጋው «አሜሪካ ሲንግስ» ከተባለው ትርኢት የተወሰዱ መሆናቸው ነው። አንዱ ልጅነቱን ያገኘበት ሥፍራ፥ አስቀድሞ ሌላው ልጅነቱን የተነጠቀበት ነበር።

ለእኅታችን ልጅ ይቅርታ የሚለምን ደብዳቤ ጻፍንላት። ከሁለት ወር በኋላ መልሷ ደረሰን። የፊልሙን ክፉ ገጽ በ2020 ያስረዳት አባቷ ራሱ እንደነበረና መለወጡንም «የሚገባ ነው» እንዳላት፥ እርሷም በዚህ እንደምታምን ጻፈችልን። «ትክክል መሆኑን ማወቄ ግን ማልቀሴን አላስቀረልኝም፤ ጋሼ፥ አባቴ ዋና አያውቅም ነበር፤ ከጫፍ ላይ ስንደርስ ከእኔ ይልቅ የሚፈራው እርሱ ነበር» ትላለች።

አዲሱ መጫወቻ በካሊፎርኒያ በኖቬምበር 2024 ሲከፈት ታናሽ ወንድሟን ይዛ ሄደች። የውሃው መንገድ ያው፥ አወራረዱም ያው እንደሆነ፥ ታሪኩና ዘፈኑ ብቻ እንደተለወጠ ነገረችን። ከጫፍ ላይ ሲደርሱ ልጁ ፈርቶ እጇን ያዛት። ጠርሙሱም እስከ ዛሬ በመጽሐፍ መደርደሪያዋ ላይ አለ።

እናታችንም እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ቤታቸው ፈርሶ በተሠራው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ባልተሠራ ሲሉ ሰምተናቸው አናውቅም፤ ቁልፉን ግን አይጥሉትም። እንግዲህ የሚገባው ለውጥ ሲመጣ ስለ ወደድነው ብቻ እንቅፋት አንሁን፤ የሚያለቅሰውንም ሰው ከመሳቃችን በፊት፥ ከዚያ ሥፍራ ማንን እንዳጣ እንጠይቀው።