እናታችሁን ከፎርሙ አትደብቋት

ዛሬ የምጽፈው አሜሪካ ሄዳችሁ ወታደር ለሆናችሁ ተማሪዎቼ ነው። እዚህ ያላችሁ ወላጆችም አንብቡት፣ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

ሰሞኑን አንዱ ተማሪዬ ደወለልኝ። በዲቪ ሄዶ፣ በግሪን ካርድ ጦሩ ውስጥ ገብቶ፣ አሁን ዜግነት አግኝቷል። ለተሻለ ሥራ «ሴኩሪቲ ክሊራንስ» ያስፈልግሃል ተብሏል። «ቲቸር፣ አገር ቤት ዘመድ አለኝ ካልክ አለቀልህ አሉኝ። እማዬን ባልጽፋትስ?» አለኝ። ፈርቶ ሁለት ወር አልደወለላትም፣ ብርም አልላከላትም። እሷ ደግሞ እዚህ «ልጄ ምን አገኘብኝ» እያለች እንቅልፍ አጥታለች።

ባዶውን ፎርም አስልኬ አብረን አነበብነው። የገባኝን ላካፍላችሁ።

ክሊራንስ ማለት መንግሥት «ይህ ሰው ምስጢር ቢያውቅ አያወጣም» ብሎ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ደረጃው 3 ነው፤ ኮንፊደንሻል፣ ሲክሬት፣ ቶፕ ሲክሬት። ራስህ ተነስተህ አታመለክትም፣ የተመደብክበት ሥራ ሲፈልገው ነው የሚጀመርልህ። ዜጋ ላልሆነ ሰው አይሰጥም። በግሪን ካርድ የገባ ልጅ ዜግነት እስኪያገኝ ምስጢር የማይነካ ሥራ ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ፎርሙ ኤስኤፍ 86 ይባላል፣ ረጅም ነው። የኖርክበት ቤት፣ የሠራህበት ቦታ፣ ዕዳህ፣ የፖሊስ ጉዳይህ፣ ጉዞህ ሁሉ ይጠየቃል። የእናት፣ የአባት፣ የእህት ወንድም ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻና ዜግነትም አለበት። የውጭ ዜጋ በገንዘብ ረድተህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ከዚያ መርማሪ ሊመጣ፣ ጎረቤትህንና አለቃህን ሊያናግር ይችላል።

እኛ ዘንድ ወታደር ሲመለመል «የማን ልጅ ነው?» ሲባል ቀበሌው መልስ አያጣም። እዚያ አባትህን የሚያውቅ ሰው የለም፣ የሚናገርልህ ወረቀቱ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። እናት ልደቷን «ከ66ቱ ድርቅ ማግስት» ትላለች። አድራሻዋ «ከሆስፒታሉ ዝቅ ብሎ» ነው። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት ይጻፋል? እናትና ልጅስ ለምን በአንድ የቤተሰብ ስም አይጠሩም? አብሽሩ፣ መፍትሔ አለው። ቀኑን በትክክል የማታውቁት ከሆነ «ግምት» የሚል ምልክት የሚደረግበት ቦታ አለ። ግራ የሚያጋባውን ደግሞ ማብራሪያ ጻፉበት።

ዘመድ ማጣሪያውን አያዘገይም፣ አያስከለክልም አልልም። በእሷ በኩል ልጁን ማስፈራራት ይቻላል ወይ ብለው ይመዝናሉ። ግን መመዘኛዎቹ 13 ናቸው፣ የውጭ ዝምድና አንዱ ብቻ ነው፣ ውሳኔውም ሰውየውን በሙሉ አይቶ ነው። ቢከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፣ መልስም ይሰጣል። አውቆ መዋሸት ግን ሌላ ነው፤ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። እናት ስላለህ ብቻ ማንም አይከስህም። አውቀህ ብትደብቃት ግን ልትከሰስ ትችላለህ።

አገራችን ታማኝነት በሌላ መንገድ ሲመዘን አይታለች። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ ቦሩ ሜዳ ላይ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ከተካሄደው ጉባኤ በኋላ የወሎው መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። ያኔ ታማኝ ለመባል ሃይማኖትና ስም ተለወጠ። ይህ ፎርም ተለወጥ አይልህም፣ ማን እንደሆንክ ተናገር ነው የሚልህ። ሳይጠይቁህ ራስህን ለምን ትለውጣለህ?

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ቦሩ ሜዳ የተቀመጠች እናት ስሟ በባዕድ መንግሥት መዝገብ ሲሰፍር የጠየቃት የለም። ቢያንስ ልጇ ይንገራት።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ብር ስትልኩ በባንክ ላኩ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። የዲቪ ፎርማችሁን፣ ፓስፖርታችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስምና ቀን አስተያዩ። የኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ፣ የ7 እና የ8 ዓመቱ ልዩነት ብዙ ሰው ያሳስታል።

ወላጆችም ልጃችሁ ደውሎ «የተወለድሽበት ቀን መቼ ነው?» ቢል አትደንግጡ። የቤተሰቡን ሁሉ ስምና ልደት ዛሬውኑ አንድ ደብተር ላይ ጻፉት። ፌስቡክ የማያዩ እናቶች ካሉ ደግሞ፣ እባካችሁ አንብቡላቸው።