«ኮፒ ነው» ብሎ መስጠት ነውር ነው እንዴ?

መቼስ ስጦታ ሲባል የሁላችንም ልብ ወደ «ኦሪጅናሉ» ነው። ጫማው ኦሪጅናል፣ ሽቶው ኦሪጅናል፣ ሰዓቱ ኦሪጅናል... «ኮፒ ነው» ከተባለማ አለቀለት! ሰጪውም ተቀባዩም ያፍራሉ። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ኮፒ ነው። ያውም ቻይና ለትምህርት ሳለሁ ከቅርብ ጓደኛዬ ጋር ሊያቆራርጠን ስለነበረ ኮፒ!

የምንማረው ሃንግዡ ከተማ ነበር። ጓደኛዬ ትምህርቱን ጨርሶ አገር ቤት ሊገባ ነው፤ የሠርጉም ቀን ተቆርጧል። ለአማቹ የሚሆን ስጦታ ሲያፈላልግ አንድ ሱቅ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ፣ ሲፈታ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የተራራና የወንዝ ሥዕል አየ። ባለሱቁ «ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው፣ በእጅ የተሣለ ነው» አለው። ዋጋው ለሠርጉ ካጠራቀማት ገንዘብ ግማሹን ይበላል። ጓደኛዬ ግን ልቡ ሄዷል!

እኔ ደግሞ በእረፍቴ ቀን ሙዚየም ለሙዚየም መዞር ስለምወድ ጥቂት ነገር ለቃቅሜአለሁ። የዚህ ሥዕል ጥቁር ቀለም የሚሠራው ከጥድ ጥላሸትና ከእንስሳ ሙጫ ነው። ሠዓሊው የደረቀውን ቀለም ድንጋይ ላይ በውሃ እያሸ ያሟሟዋል። ወረቀቱ ቀለሙን እንደ ደረቅ መሬት ይጠጣዋል። ብሩሹ አንዴ ካረፈ በቃ፣ መሰረዝ መደለዝ የለም! ቀለሙ ሲቀጥን ጉም፣ ሲወፍር አለት ይሆናል። ባዶ የተተወው ወረቀት ደግሞ ውሃም ነው፣ ሰማይም ነው።

«እስቲ በማጉያ መነጽር እንየው» አልኩ። የባለሱቁ ፊት ተለዋወጠ፤ አልፈቀደም። የሚገርመው ጓደኛዬ ባለሱቁን ትቶ እኔ ላይ ጮኸ። «ቀንተህ ነው!» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ተኮራረፍን።

በአራተኛው ቀን ዶርሙ ሄጄ የሁዋንግ ጎንግዋንግን ታሪክ ነገርኩት። ይህ ሠዓሊ ለሃንግዡ ቅርብ የሆነውን የፉቹን ወንዝና ተራሮቹን ለአንድ ወዳጁ ሣለለት። ዓመታት ፈጅቶበት በ1350 እ.ኤ.አ. ሲጽፍበት ዕድሜው ከሰማንያ አልፎ ነበር። ወዳጁ ገና ሳያልቅ «አንድ ቀን በብልጠት ወይም በጉልበት ይነጥቁኛል» ብሎ ስለሰጋ ሠዓሊው የማን እንደሆነ ሥዕሉ መጨረሻ ላይ ጻፈለት።

ሥጋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1650 የጊዜው ባለቤት ሊሞት ሲያጣጥር «አብሮኝ ይሂድ፣ አቃጥሉት!» ብሎ አዘዘ። ወይ ፍቅር! የወንድሙ ልጅ ከእሳቱ መንጭቆ አወጣው፤ ግን ለሁለት ተቆርጦ ነበር። ትንሹ ቁራጭ ዛሬ ሃንግዡ ባለው የዠጂያንግ ሙዚየም ይገኛል። ከስድስት ሜትር የሚበልጠው ረጅሙ ደግሞ ታይፔ ነው። ሁለቱ ለዐውደ ርዕይ ጎን ለጎን የታዩት በ2011 ነው።

ጉዱ ገና ነው! በ1745 የሥዕሉ ኮፒ ቤተ መንግሥት ገባ። ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ «ይኸው እውነተኛው!» ብሎ በየጊዜው ጽሑፍና ማኅተም ደረደረበት። በዓመቱ ዋናው ሲመጣለት «ይኼ ኮፒ ነው» ብሎ ወደ ጎን አደረገው። ዋናው ሥዕል ከንጉሡ ብዕር የተረፈው ኮፒው ስለተቀበለለት ነው!

ጓደኛዬ ሳቀ፤ ታረቅን። «ንጉሥ ከተሳሳተ እኔማ...» አለ። በማግስቱ ብቻውን ሱቁ ሄደ። ባለሱቁ ሻይ ሊቀዳለት ዞር ሲል ማጉያዋን መዥረጥ! ጉሙ፣ አለቱ፣ ቀይ ማኅተሙ ሳይቀር ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። የማተሚያ ቤት ሥራ ነዋ! ሻዩን ጠጥቶ ወጣ።

በመጨረሻ የገዛው የፉቹንን ሥዕል ኮፒ ነው። «ኮፒ» ተብሎ፣ በኮፒ ዋጋ። የእሳቱ ሁለት ቁራጮች አንድ ጥቅል ላይ የታተሙበት ነበር። አስቡት እንግዲህ! ዋናዎቹ በባሕር ተለያይተው ይኖራሉ፤ ኮፒው ውስጥ ግን አንድ ላይ ናቸው። ይህን ዋናው አይሰጣችሁም።

«አማቼ ፊት ኮፒ ነው ማለት...» እያለ ሲጨነቅ ከርሞ እውነቱን ተናገረ። ሽማግሌው ታሪኩን ሲሰሙ ጠረጴዛው ላይ አስፈቱት። ይህ ዓይነቱ ረጅም ጥቅል ከቀኝ ወደ ግራ ክንድ በክንድ እየተፈታ፣ የታየው እየተጠቀለለ ነው የሚታየው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እሳቱ የበላው የቱ ጋ ነው?» ስለ ዋጋው ቃል አልወጣቸውም።

ቻይናዎች ሥዕል የሚማሩት የቀደሙትን እየገለበጡ ነው። ሺዬ ሄ የተባለ ሰው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከዘረዘራቸው ስድስት የሥዕል መርሖዎች አንዱ ይኸው መገልበጥ ነው። ስለዚህ ኮፒ ነውር አይደለም። ነውሩ ኮፒን በኦሪጅናል ስምና ዋጋ መሸጥ ነው።

እናንተም መግዛት ካማራችሁ፦ በማጉያ ስታዩት ነጠብጣብ ከሞላው የታተመ ነው። በእጅ የተሣለ ከሆነ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ነጠብጣብ ስለሌለው ብቻ ግን ጥንታዊ ነው ማለት አይደለም፤ ትናንት በእጅ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። «ማጉያ አይቻልም» ካሏችሁ ገንዘባችሁን ወደ ኪስ! ገዝታችሁም ከሰቀላችሁት ፀሐይና እርጥበት አታስነኩት፤ ዓመቱን ሙሉም አይሰቀል፣ ጠቅልላችሁ አሳርፉት።

ስትሰጡ ደግሞ «ኮፒ ነው» በሉና ታሪኩን አጫውቱ። ያን ጊዜ ማን ይፍራል? ቸር ይግጠመን!