የጂኦሜትሪ ትምህርት በጭቃና በክር

በጎንደር ከተማ በምናስተምርበት ክፍል ልጆች ጭቃ ሲያድቦለብሉ ያዩ አንዳንድ ወላጆች፣ «ልጆቻችንን የላክናቸው ለጨዋታ ነውን?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልስ እንሰጣለን።

የሾጣጣን ትርጉም በቃሉ የያዘ ተማሪ፣ ሾጣጣው ሲቆረጥ ምን ዓይነት ገጽ እንደሚወጣ ቢጠየቅ ዝም ይላል። ጭቃውን በጎጆ ክዳን አምሳል ሠርቶ በተወጠረ ክር የቆረጠው እንደ ሆነ ግን መልሱን ራሱ ያገኘዋል፤ አግድም ቢቆርጠው ክብ፣ ከጫፉ በመካከሉ ወደ ታች ቢሰነጥቀው ሦስት ማዕዘን፣ በሰያፍ ከጎን ወደ ጎን ቢቆርጠው ሞላላ ይሆናልና።

ከዚህ በኋላ ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ፋሲል ያሠሩትን ግንብ እናሳያቸዋለን። ሕንጻው በሐሳብ አግድም ቢቆረጥ አራት ማዕዘን፣ በየማዕዘኑ ያሉት ማማዎች ግን ክብ ሆነው ይገኛሉ። በደጋው የሚገኙት ክብ አብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ ቢታሰቡ፣ ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ በክብ በክብ ተከታትለው፣ በመካከላቸው አራት ማዕዘኑ መቅደስ ይታያል። ስለዚህ ወደ መቅደስ የማይገባው ሕፃን እንኳ ቅርጹን በልቡናው ሊሥለው ይችላል። የትምህርቱ ጥቅም ይህ ነው፤ ሳይሰብሩና ሳይደፍሩ የውስጡን ማወቅ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ድንች ወይም ካሮት ይዞ ቢመጣ አትቆጡት። ቢላዋውን እናንተ ያዙ፤ ከመቁረጣችሁ አስቀድሞም «ምን ቅርጽ የሚወጣ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።