ስለ ኤሌክትሪክ ሶኬትና ስለ እናቴ የጃማይካ ጉዞ

በሰቆጣ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ማናቸውንም ወረቀት ማኅተሙን፥ ቀኑንና ፊርማውን ሳልመረምር አልቀበልም፤ በዚህም ልማዴ ጥቂት የምመካ ሰው ነበርሁ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፥ በአንድ የሕክምና መሣሪያ ሥር የተጻፉትን አራት መስመሮች ሳላነብ ቀርቼ እናቴን በሰው አገር ለጭንቅ ዳረግኋቸው። ዘመድ ለመጠየቅ ባሕር ለሚሻገሩ ቤተ ሰቦች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ነገሩን እጽፋለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ቄስ ነው፤ በጃማይካ ደሴት በኪንግስተን ከተማ ያገለግላል። ይህች ከተማ በ1958 ዓ.ም. ሚያዝያ 13 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ እስከ አውሮፕላናቸው ድረስ ጎርፎ የተቀበላቸው ናት። ሚስቱም የዚያው አገር ልጅ ናት። ወንድ ልጅ ተወልዶላቸው በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሣ ሆነና፥ አያቱ ሳይገኙ አይሆንም ተብሎ እኔ አድራሽ ሆንሁ።

እናቴን አስም ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ ሐኪም ፈሳሹን መድኃኒት እንደ ጉም አድርጎ የሚያስተነፍስ አንድ መሣሪያ አዝዞላቸው ነበር። አዲስ አበባ ስንደርስ የጃማይካ ሶኬት ከእኛ የተለየ መሆኑን ሰማሁ፤ የእኛው ሁለት ድቡልቡል እግር ያለው ሲሆን፥ የእነርሱ እግሮች እንደ ቢላዋ ስለት ጠፍጣፎች ናቸው። አዳፕተር የሚሉትን መለወጫ ገዛሁ፤ ሻጩም «ከእንግዲህ ዓለምን ሁሉ ይዞሩበታል» አለኝ፤ እኔም አመንሁት።

ኪንግስተን በገባንበት ማታ አስቀድሜ የስልኬን ቻርጀር ሰካሁ፤ በደኅና ሠራ። ይህም ይበልጥ አታለለኝ። እኩለ ሌሊት ሲሆን የእናቴ ደረት ይፏጭ ጀመር። መሣሪያውን ሰካሁት፤ እንደ ታመመ ንብ እዝዝ ከማለት በቀር አንዳች ጉም አላወጣም። እናቴም በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው፥

«ልጄ፥ የዚህ መኪና ልቡ ደክሟል፤ እንደ እኔው ነው» አሉኝ።

ወንድሜ ጸሎት ያደርሳል፤ ምራታቸው «እማማ፥ እማማ» እያለች ጀርባቸውን ትደግፋለች፤ እኔ ሶኬቱን ነቅዬ እሰካለሁ፥ ደግሞ እነቅላለሁ። በእጅ የሚነፋው መድኃኒት ከሻንጣ ውስጥ ተገኝቶ፥ ሊነጋ ሲል ትንፋሻቸው ተመለሰ። ክርስትናው በማግስቱ ነበር፤ ልጁን አቅፈው ለመቆም ጉልበት ያገኛሉ ብዬ አላሰብሁም ነበር።

በነጋ ጊዜ መሣሪያውን ገልብጬ አነበብሁ፤ «220 ቮልት፥ 50 ኸርትዝ» ይላል። የጃማይካ ቤቶች ሶኬት ግን 110 ቮልት ነው። በስልኬ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ስለ ተጻፈ እርሱ በሁለቱም አገር ይሠራል። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ ይህን ሁሉ ተምሬው ነበር፤ እንዴት እንደ ረሳሁት እንጃ። ቮልት ማለት ለውሃ ወፍጮ የፏፏቴው ከፍታ እንደ ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃው ሲወርድ ብርቱ ግፊት እንዲኖረው ነው፤ ከፍታው ቢያንስ ግፊቱም ያንሳል። አዳፕተር የሚለውጠው የሶኬቱን እግር ብቻ ነው እንጂ ግፊቱን አይነካም። ግፊቱን የሚለውጠው ትራንስፎርመር ነው፤ እርሱም የሚችለው ዋት ከመሣሪያው ዋት የበለጠ መሆን አለበት።

ወንድሜ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዳመጣለት ለምኖኝ ነበር፤ ከብዶኝ መተዌ በጀኝ። ቮልቱ በግማሽ ሲጎድል የምጣድ ሙቀት በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳልና፥ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይቀር ነበር። በዚያ አገር እንጀራ ለመጋገር ባለሙያ ጠርቶ የ220 ቮልት ልዩ መስመር ማስገባት ያሻል።

ደሴቶቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ጃማይካ በቮልት ከእኛ ብትለይም በኸርትዝ እንደ እኛ 50 ናት፤ ኩባና ሐይቲ ግን 60 ናቸው። ግሬናዳና ዶሚኒካ ደግሞ ወደ 230 ቮልት ስላላቸው ግፊታቸው ለእኛ መሣሪያ ይስማማል፤ ብቻ ሶኬታቸው እንደ እንግሊዞች ሦስት ወፍራም እግር አለው። እንግዲህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው «ወደ ካሪቢያን» ብሎ ሳይሆን የደሴቲቱን ስም ጠርቶ ይጠይቅ።

ሬድዮ የሚጠግን አንድ ጎረቤት 110ውን ወደ 220 የሚያወጣ ትራንስፎርመር አዋሰን፤ ክብደቱ የወፍጮ መጅ ያህላል። መሣሪያው እንደ ወትሮው ጮኸ፥ ጉሙም ወጣ። እናቴም ለክርስትናው ቆሙ፤ ልጁን ግን ለአንድ አፍታ ብቻ አቀፉት፤ ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልንመለስ ስንል ምራታቸው የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ሰጠቻቸው። አሁን ተምሬአለሁና ገልብጬ አነበብሁ፤ 110 ቮልት ብቻ ነው፤ ሰቆጣ ሲሰካ ይቃጠላል። ይህን ስናገር የልጅቱ ፊት ጠቆረ። እናቴ ግን ተቆጡኝ፤ «ስጦታ ተገልብጦ አይታይም» ብለው ተቀበሏት፥ ሳሙአትም።

አሁን መፍጫው በሳጥናቸው ውስጥ ነው። ማንም እንዳይሰካው ገመዱን ጠቅልለው በነጠላ ቅዳጅ አስረውታል። እንግዳ ሲመጣ አውጥተው «የምራቴ ነው» ብለው ያሳዩታል፤ ከዚያም መልሰው ይቆልፉና ቡናውን በሙቀጫ ይወቅጣሉ።